ለቁልቢ የድንኳን ሱቅ፦ ጥሬ ብር፣ ቴሌብር ወይስ ካርድ?

ታኅሣሥ ሲገባ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለችው ትንሿ ሱቄ ግማሹ ዕቃ ወደ ካርቶን ይገባል። ውሃ፣ ብስኩት፣ ጧፍ፣ ሶፍት፣ ባትሪ፣ ካልሲ። እኔና ታናሽ እህቴ ይህን ጭነን ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ እንወጣለን። ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ሜዳው ላይ ድንኳን ጥሎ ያድራል። ድንኳን ባለበት ሻይ የሚያምረው፣ ባትሪ ያለቀበት፣ ልጁ ብስኩት የሚያለቅስበት ሰው አይጠፋም። እኛም ላስቲክ ወጥረን አንድ ጠረጴዛ እናቆማለን።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጡ ያሰቡ የሰፈር ልጆች ሱቅ መጥተው ጠየቁኝ። ምን እንደሚሸጥ አይደለም የጠየቁት። "አቦ፣ ብሩን እንዴት ነው የምትቀበሉት? ቴሌብር ይሠራል? ፖስ ማሽን እንውሰድ?" ነው ያሉኝ። ፖስ ማሽን ያሉት የባንክ ካርድ የሚያነበውን ነው። ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኛን የመጀመሪያው ዓመት የጎዳን ዕቃው አልነበረም፤ ዕቃው አልቋል። የጎዳን የገንዘቡ አያያዝ ነው። ቁጭ ብዬ ስነግራቸው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስለዚህ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መልሴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ጥሬ ብር ይቅደም። ስልክ ይከተል። የባንክ ካርድ ድሬዳዋ ይቆይ። ከጥሬ ብርም ውስጥ ትልቁ ነገር ዝርዝር ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ

ቁልቢ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ሜታ ወረዳ ውስጥ ናት። ከድሬዳዋ ስትነሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥታችሁ ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። በግራ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል። በቀኝ ቀርሳን አልፎ ቁልቢ ያደርሳል። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ እዚህ ተስለው፣ በ1888 ከተገኘው ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። ቦታው ከመሠረቱ የስለት ቦታ ነው። ዛሬም የሚመጣው ሰው ስለቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ወርቅ፣ ብዙ ጊዜም ብር።

ይህ ለእኛ ለሻጮች ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ሰዉ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር አለው። ሁለተኛ፣ ያ ብር ድፍን ነው። ከባንክ ወይም ከኤቲኤም ያወጣው ድፍን መቶና ድፍን ሁለት መቶ። መንገዱ ዳር ደግሞ ነዳያን ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ ለመስጠት አስር ብር፣ አምስት ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰዉ ዝርዝር ፍለጋ ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣል። አንድ ጧፍ ይገዛና ድፍን ሁለት መቶ ይዘረጋል። በእርግጥ የፈለገው ጧፉን ብቻ ሳይሆን መልሱንም ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ይህን አላወቅንም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዝርዝራችን አለቀ። በመልስ ፈንታ ማስቲካ መስጠት ጀመርን። አንዲት እናት ማስቲካውን እያዩ "ልጄ፣ እኔ ይህን ለማን ልመጽውተው?" አሉኝ። እስካሁን ፊታቸው ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ማስቲካ በመልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ስለ ካርድ፣ በአጭሩ

ቁልቢ ሜዳ ላይ አንድ ሰው "ካርድ አለ?" ካላችሁ የሞባይል ካርድ ፈልጎ ነው። በባንክ ካርድ ልክፈል የሚል እስካሁን እኔ ጋ አልመጣም።

ፖስ ማሽን መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ሆቴል ወይም ትልቅ ሱፐርማርኬት ያለው ሰው ይጠቅመዋል። የባንኮቹ ካርድ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ስለተያያዘ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል። ማሽኑ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ቻርጅ ይፈልጋል፣ የሚታተምበት ወረቀት ይፈልጋል። ከባንክ ጋር ውል ያስፈልገዋል። ለውሃና ለብስኩት ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አያዋጣም። ጃንጥላ፣ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ በብዛት የሚሸጥ ሰው ካለና ማሽኑ ቀድሞ ሱቁ ውስጥ ካለ፣ ይዞ ይውጣ። ለዚህ በዓል ብሎ አዲስ አያውጣ።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ዶላር ቢዘረጋላችሁ አትቀበሉ። ሕጉም አይፈቅድም፣ እናንተም በየትኛው ዋጋ እንደምትይዙት አታውቁም። ባንክ መንዝሮ ይምጣ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ዋጋ አወጣጥ

ብዙ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ዕቃውን ከዘረጋ በኋላ ነው። እኔ ድሬዳዋ እያለሁ ነው የምጨርሰው። ምክንያቱም ዋጋችሁ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚያስፈልጋችሁ ይወስናል።

አንድ ነገር 17 ብር ወይም 23 ብር ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ሽያጭ ሳንቲም ያስቆጥራችኋል። ሰልፉ ይረዝማል። የሚቻለውን ሁሉ በአስር የሚካፈል አድርጉት። ወደ ላይ ብቻ ግን አታስጠጉ። አንዱን ወደ ላይ ካስጠጋችሁ ሌላውን ወደ ታች አውርዱ። በበዓል ቀን ዋጋ ሰቅሎ ምእመን ላይ የሚጨክን ሻጭ አለ፤ ሰዉም ያውቀዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያልፈዋል።

ወደ ታች መውረድ ካላዋጣችሁ ዕቃዎችን አጣምሩ። ጧፍና ክብሪት አንድ ላይ። ውሃና ብስኩት አንድ ላይ። ድምሩ ድፍን ሃምሳ ወይም ድፍን መቶ እንዲሆን አድርጉ። ይህ ብልሃት ብቻውን ከምፈልገው ዝርዝር ትልቁን ድርሻ አስቀርቶልኛል።

ዋጋውን በትልቅ ፊደል ካርቶን ላይ ጻፉ። የአካባቢው ገበሬዎች በኦሮምኛ "ሜቃ?" ብለው ነው የሚጠይቋችሁ፤ ስንት ነው ማለታቸው ነው። ከጅጅጋ በኩል የሚመጣም አለ። ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ለሁሉም ይናገራል።

ሌላ ሳልረሳው ልበል። ታኅሣሥ 19 የገና ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። የወተት ብስኩትና የቅቤ ኬክ ጭናችሁ አትውጡ። ይመለሳል።

ከአንድ ሳምንት በፊት፦ ዝርዝር መሰብሰብ

እኛ በአንድ ጠረጴዛ ለመጀመሪያው ቀን 5,000 ብር በዝርዝር ይዘን እንወጣለን። እንዲህ ይከፈላል፦

ባለ አስር ብር 150፣ ማለትም 1,500 ብር። ባለ ሃምሳ 30፣ ማለትም 1,500 ብር። ባለ አምስት 100፣ ማለትም 500 ብር። የአንድ ብር ሳንቲም 100፣ ማለትም 100 ብር። ባለ መቶ 14፣ ማለትም 1,400 ብር።

የመጨረሻው ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቁኛል። ሰው ሁለት መቶ ሲሰጣችሁ የመልሱ ግማሽ መቶ ብር ነው። መቶ ከሌላችሁ ሁለት ሃምሳ ትሰጣላችሁ። ሃምሳዎቹ በአንድ ሰዓት ያልቃሉ። ስለዚህ መቶዎቹ የሚያድኑት ሃምሳዎቹን ነው።

ከየት ይመጣል? ባንክ ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ባለ አስር ጥቅል ሊያዘጋጁላችሁ ይችላሉ። አንድ ጥቅል መቶ ቅጠል ነው። በበዓሉ ዋዜማ ግን አትሂዱ። ሁሉም ያን ቀን ነው የሚሄደው። ከባንክ የተሻለው መንገድ ግን ሰፈር ውስጥ ነው። የባጃጅ ሹፌሮችና የታክሲ ረዳቶች ማታ ኪሳቸው በዝርዝር ሞልቶ ነው የሚገቡት። ድፍን ብር ስትሰጧቸው ደስ ይላቸዋል፤ መቁጠሩ ይቀልላቸዋል። ቀፊራ ውስጥ አትክልት የሚሸጡ እናቶችም እንዲሁ። ከሐረር የምትነሱ ሸዋ በር ገበያ ላይ ሞክሩ። እኔ በየማታው ትንሽ ትንሽ ስሰበስብ ሳምንት አይሞላኝም።

ስትሰበስቡ የተቀደደና የተለጠፈ ብር ለዩ። ያን ባንክ አስቀይሩት። ቁልቢ ላይ ለሰው በመልስ ከሰጣችሁት ጠብ ነው የሚያመጣው።

ስልኩን ማዘጋጀት

ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ የኛን ሥራ ቀይሮታል። ይህን የማልክድ ሰው ነኝ። ከ2015 ጀምሮ ነዳጅም በስልክ ክፍያ ስለሆነ ጭነት የሚያወጣላችሁ የአይሱዙ ሹፌር ሁሉ ቴሌብር አለው። የኪራዩን ብር በስልክ ላኩለት። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ለእሱ አታውጡ።

ለሱቁ የነጋዴ አካውንት አውጡ። በራስ የግል ቁጥር መቀበልም ይቻላል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ግን የቤት ወጪና የሱቅ ገቢ ይቀላቀላል፣ ማታ ሒሳብ አይገጥምም። የነጋዴ አካውንት ሲኖራችሁ አጭር ቁጥርና ስካን የሚደረግ ኪው አር ኮድ ይሰጣችኋል። ስትሄዱ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበርና መታወቂያ ያዙ። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አትሂዱ፤ ወር ሲቀረው ሂዱ።

ኪው አር ኮዱን በፕላስቲክ አስለብጡት። ከሥሩ ቁጥሩን በትልቁ ጻፉ። ኢንተርኔት ሲደክም ስካን ማድረግ አይሠራም። ያን ጊዜ ሰዉ *127# ደውሎ ቁጥሩን በእጁ ያስገባል። ይህ ያለ ዳታ ይሠራል። ለንግድ ባንክ ደንበኞች ደግሞ *889# አለ። ሲቢኢ ብር ለሚጠቀም *847#። ሦስቱንም እዚያው ካርቶን ላይ ጽፈናል፤ የረሳ ሰው አይቶ ይደውላል።

ሁለተኛ መስመር ያዙ። ድሬዳዋ በዚህ ዕድለኛ ናት። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው በእኛ ከተማ ነው። የሳፋሪኮሙ የስልክ ገንዘብ ኤምፔሳም በ2015 ነሐሴ መጥቷል። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ሁለት ሲም ያለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ሊተነፍስ ይችላል። እናንተም ሁለቱን ያዙ።

አሁን አንድ ምክር፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን። የክፍያ መልእክት የሚገባበትን ሲም ከስማርት ስልካችሁ አውጥታችሁ ትንሽ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ክተቱት። ቁልቢ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ስማርት ስልክ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። የቁልፍ ስልኩ ቀናት ይቆያል። *127# ይደውላል፣ መልእክት ይቀበላል። ሌባ እንኳ አይፈልገውም። ስማርት ስልኩን ከፓወር ባንክ ጋር ለአስፈላጊ ነገር አስቀምጡት። ሲሙን ከመቀየራችሁ በፊት የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን እንደምታስታውሱ አረጋግጡ። ሜዳ ላይ ረስቶ መቆለፍ አለ።

ጠረጴዛው ላይ

ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ዕቃ ይስጥ፣ አንዱ ብር ይያዝ። ሁለቱም ሁለቱንም ከሠሩ ማታ ማን ምን እንደተቀበለ አይታወቅም። በኛ ቤት ብሩን እህቴ ነች የምትይዘው። ከእኔ ይልቅ አትደናገጥም።

ብር ስትቀበሉ መጠኑን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። "ሁለት መቶ ተቀብያለሁ።" የተቀበላችሁትን ብር ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ። መልሱን ቆጥራችሁ እስክትሰጡ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጃችሁ ሥር ይቆይ። በግርግር ውስጥ "እኔኮ ሁለት መቶ ነው የሰጠሁት" የሚል ሰው ይመጣል። አንዳንዱ ዋሽቶ ነው፣ አብዛኛው ግን ተሳስቶ ነው። ብሩ እዚያው ካለ ክርክር የለም።

ቦርሳው የወገብ ይሁን፣ ከፊት ይታሰር፣ ከነጠላ ሥር ይሁን። ውስጡ የዝርዝር ብር ብቻ። ባለ ሁለት መቶው ብር አምስት ቅጠል ሲሞላ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የት እንደሆነ ከሁለታችሁ ሌላ ሰው አይወቅ።

ሐሰተኛ ብር ላይ። አሁን ያሉት ባለ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ብሮች በመስከረም 2013 የወጡ ናቸው። ሁለት መቶው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሐሰተኛ የሚሠራውም በአብዛኛው ትልልቁ ላይ ነው። በጣታችሁ ዳብሱት፤ እውነተኛው ላይ የታተመው ጎርበጥ ይላል። ወደ ብርሃን አንሱት፤ በወረቀቱ ውስጥ የተደበቀው ምስልና ክሩ ይታያል። ማታ በሻማ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ጥሩ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። እኛ እውነተኛነቱን የምናውቀውን አንድ ሁለት መቶ ብር ለማወዳደሪያ እንይዛለን። ሲጠረጠር ጎን ለጎን ይታያል። ሰውዬውን ሌባ አትበሉት። እሱም ከሌላ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። "ይህን ቀይርልኝ ወንድሜ" ማለት ይበቃል።

"ገባልሽ?"

በስልክ የሚከፍል ሰው ስልኩን ወደ እናንተ አዙሮ "ገባልሽ?" ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላው። እኔም ተበልቻለሁ። ሦስት ጃንጥላ የወሰደ ልጅ የተላከበትን መልእክት አሳየኝ። ስሜ አለ፣ መጠኑ አለ። አመንኩት። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ የሌለ ብር ነበር። መልእክቱን ራሱ ጽፎት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለን ደንብ አጭር ነው። የደንበኛው ስልክ ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾትም አይደለም። ማስረጃው የእኛ ስልክ ላይ የገባው መልእክት ነው። እሱም ቢሆን ላኪው ይታያል። ከቴሌብር ከሆነ 127 ብሎ ነው የሚገባው፤ ከአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ከመጣ ውሸት ነው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለውን ቀሪ ሒሳብ አንብቡ። ከበፊቱ ላይ ጨምሯል? ካልጨመረ አልገባም። የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለው። ጠርጥራችሁ ከሆነ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ጠይቁ።

ሌላው ማታለያ "በስህተት ሁለት ሺህ ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ" ብሎ መደወል ነው። ስልኩን ዝጉና ሒሳባችሁን እዩ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነ ለሰውዬው በእጃችሁ አትመልሱ፤ በአገልግሎት ሰጪው በኩል እንዲስተካከል ጠይቁ። የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለማንም አትስጡ። ልርዳሽ ለሚል ጎረምሳም፣ ከቢሮ ነኝ ለሚል ድምፅም።

ኔትወርኩ ሲሄድ

ይሄዳል። ትንሽ ከተማ ለማገልገል የቆመ ማማ ላይ በአንድ ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ ይወርድበታል። ሁሉም "ደርሻለሁ" ብሎ ቤቱ ይደውላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ኢንተርኔቱ ነው። ቀጥሎ መልእክቱ ይዘገያል። ብሩ ከሰውዬው ሒሳብ ወጥቶ ለእናንተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚገባበት ጊዜ አለ።

የምናደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ጥሬ ብር እንዳለው እንጠይቃለን። አብዛኛው አለው፤ ዝርዝር ላለማጣት ብሎ ነው በስልክ የሚከፍለው። ከሌለው ብሩ ከሒሳቡ ወጥቶ እንደሆነ እናያለን። ከወጣ ስሙን፣ ስልኩን፣ የግብይት ቁጥሩንና ሰዓቱን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ይዞ ይሂድ። ትልቅ ከሆነ እስኪገባ ይጠብቅ፤ ሻይ እንሰጠዋለን።

ምንም ያልተንቀሳቀሰለት ሰውስ? እዚህ ላይ ሁላችሁም አትስማሙኝ ይሆናል። እኔ ውሃና ዳቦ በዱቤ እሰጣለሁ። ዳገቱን በእግሩ የወጣ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። "ድሬ ስትገባ ላክልኝ" እላለሁ። አብዛኞቹ ልከውልኛል። አንዱ ከአዳማ ላከ፣ ከነምርቃቱ። ያልላከ ካለ ለገብርኤል ይሁን ብዬ ነው የምተወው። ብርድ ልብስና ጃንጥላ ግን በዱቤ አልሰጥም።

ዝርዝር ሲያልቅ ከየት ይመጣል

5,000ው ከቀኑ አጋማሽ አያልፍም። አትደንግጡ፤ ዝርዝሩ ከሜዳው አልወጣም፤ ዞሮ ነዳያን እጅ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ እነሱ ያገኙትን ሳንቲምና አስር ብር ተሸክመው ይደክማሉ። ድፍን ይፈልጋሉ። ቀድማችሁ ተዋወቁዋቸው። "አባባ፣ ማታ እኔ ጋ ኑ፣ እመነዝርላችኋለሁ" በሉ።

ሲመጡ ፊታቸው ላይ ቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ማየት የማይችሉ ካሉ የሚያምኑት ሰው አብሮ ይቁጠር። አንድ ሳንቲም አትቁረጡ። ከመቶው ላይ ቆርጦ የሚመነዝር ሻጭ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። ለእናንተ ያመጡላችሁ ዝርዝር በሚቀጥለው ጠዋት ሱቁን የሚያስከፍታችሁ ነው። እኛ ሻይ ጨምረን ነው የምንሸኛቸው። በየዓመቱ ሌላ ጠረጴዛ አልፈው ወደ እኛ ይመጣሉ።

ሌሊቱ

ሁሉን ብር አንድ ቦታ አታሳድሩ። ድንኳን በምላጭ ይቀደዳል። የእኛ በሦስት ይከፈላል። የነገው ዝርዝር ከእህቴ ወገብ ላይ። ትልልቁ ከእኔ ልብስ ውስጥ። የተረፈውን ሳይመሽ ወደ ስልክ እንለውጠዋለን፤ ክፍት የባንክ ቅርንጫፍ ወይም የቴሌብር ወኪል ካለ ጥሬውን ሰጥተን ሒሳባችን ላይ እናስገባለን። ወኪሉም ደስ ይለዋል፣ ብር ለሚያወጡ ሰዎች ጥሬ ያስፈልገዋል። መልእክቱ እስኪገባ ግን ከፊቱ አትነሱ።

ብር ስትቆጥሩ በባትሪ ብርሃን ድንኳን ውስጥ አትቁጠሩ። ጥላችሁ ላስቲኩ ላይ ይታያል። ይህን ያስተማሩኝ ለብዙ ዓመት ቁልቢ ሻይ የሚያፈሉ እናት ናቸው። ጎህ ሲቀድ ቁጠሩ።

ለሐምሌ 19 የምትወጡ አንድ ጨምሩ። ክረምት ነው። ብሩን ዚፕ ባለው ላስቲክ ክተቱ፣ የካርቶኑን ማስታወቂያም በላስቲክ ሸፍኑት። የረጠበ ብር ይጣበቃል፤ ሁለቱን አንድ ብላችሁ ትሰጣላችሁ።

ድሬዳዋ ስትመለሱ

በደረሳችሁበት ቀን፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሒሳብ ዝጉ። ቦርሳ ውስጥ ያለውን ጥሬ ቁጠሩ። መንገድ ላይ ያወጣችሁትንና ባንክ ያስገባችሁትን ደምሩበት። ይዛችሁ የወጣችሁትን 5,000 ቀንሱ። ይህ የጥሬ ሽያጫችሁ ነው። የስልኩን ለብቻው ከቴሌብሩ ታሪክ ላይ አውጡ። ሁለቱን ደምራችሁ ካለቀው ዕቃ ዋጋ ጋር አስተያዩ። የዱቤውን ደብተር አጠገባችሁ አድርጉ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚገባ አለ፤ በገባ ቁጥር ሰርዙ።

ስልኩን ስታዩ ከዋጋው በላይ የላከ ሰው ታገኛላችሁ። በብርድ በደነዘዘ ጣት ዜሮ ይጨመራል። አምና አንድ ሰው 20 ብር ለማለት 200 ልኮልን ነበር። መልእክቱ ላይ ያለውን ስም ከደብተራችን ጋር አስተያየን። ቁጥሩን አገኘን። ደወልን። ሐረር ነው ያለው፣ ስህተቱን እንኳ አላወቀም። ደንበኛችን መሆኑን ደብተራችን ስላረጋገጠልን 180ውን እዚያው መለስንለት።